የነነዌ ሰኞ ሽሮ

ጥር 22፣ ሐሙስ። ማታ 1 ሰዓት

አንዲት ሙሽራ፣ ሁለት ሚዜ፣ የሙሽራዋ እናት። ጣቶቼ አልታጠፍ ብለዋል። ሰው ሁሉ በጥር ብቻ ካላገባ የሚሞት ይመስል! መሃል ላይ መብራት ጠፋ፣ ማድረቂያው ካስክ ቆመ፣ የሙሽራዋ ፀጉር ከነቢጎዲኑ እርጥብ። በካርቶን አራግቤ አደረቅኩት። እናትየዋ እያለቀሰች፣ እኔ እያራገብኩ። ደረሰ። አማረባት።

አሁን ወዳንቺ፣ ደብተር። ፓስተር ዘሪሁን ባለፈው እሑድ ለያንዳንዳችን ያደሉን የምስክርነት ደብተር ነሽ። አርባ ቀን ግድም አብረን ነን። የካቲት 30 እሑድ ትመለሺያለሽ። የመጀመሪያ ገጽሽ ላይ አንድ መስመር ተሰምሯል፤ “የምመሰክርለት ሰው ስም” ይላል። አንድ ሰው ብቻ። ስለ ጌታ ልንነግረው፣ ልንጸልይለት፣ ቢቻል በዚያ እሑድ ይዘነው ቤ/ክ ልንመጣ።

ፓ/ር አጭር አድርጋችሁ ጻፉ ብለዋል። እኔና አጭር! አፌ የማይዘጋ ሰው እጄ እንዴት ይዘጋል? የልቤን ሁሉ እጽፍብሻለሁ። ለፓ/ር የማይሆነውን ገጽ ቀድጄ አስቀራለሁ።

ስም ጻፍኩ፦ እትዬ አስካለ። አከራዬ ናቸው። የምሠራባት የፀጉር ሳሎን የግቢያቸው የፊት ክፍል ነች፣ እኔ የምኖረው ከኋላ። ስድስት ዓመት። ባይወልዱኝም እናቴ ናቸው። ሲበርደኝ የሱፍ ባናቸውን የሚያለብሱኝ፣ ሳመሽ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ። ጠዋት ጠዋት ሳሎኑ በራፍ ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ እኔ እሠራለሁ፣ እንጫወታለን። ቅዳሴ አያስታጉሉም፣ ጾም አይገድፉም። እኔ ጴንጤ ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሳቸው ግን አንድ ቀን ፊት ነስተውኝ አያውቁም።

አንድ ነገር ብቻ፦ ራሳቸውን ለኔ ሰጥተው አያውቁም። ሹሩባቸውን የምትሠራቸው እህታቸው ነች። ባለሳሎን ተከራይ ይዘው!

ቅርቤ ያለ ሰው ልምረጥ ብዬ ነው። ከባዱን ሰው እንደመረጥኩ አሁን ገባኝ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

የደብረ ብርሃን ገበያ ቀን። ጉድ ሠራሁ።

ከጫጫ የመጣች ሴት ሹሩባ አለችኝ። ሹሩባ ሦስት ሰዓት ነው። ራሷ በጉልበቶቼ መሃል ነው። ወዴት ትሄዳለች? መለማመጃ ትሁነኝ ብዬ ከአዳም ጀመርኩ። ኖኅን አሻገርኩ፣ ሙሴን አሻገርኩ፣ ዮሐንስ መጥምቁ ላይ ስደርስ ሽንት ቤት የት ነው አለች። ግማሽ ራሷ ተጎንጉኖ፣ ግማሹ ተበትኖ። አሳየኋት። በዚያው ቀረች! ሻሿን አስራ ሚኒባስ ተሳፍራለች። ዛሬ ጫጫ ውስጥ አንዲት ሴት በስተቀኝ ሹሩባ በስተግራ ጎፈሬ ሆና ታድራለች፤ በኔ ስብከት።

ፋናዬ በሳቅ ሞተች። ፋናዬ አብራኝ የምትሠራው ነች፤ ከወለጋ ተፈናቅላ መጥታ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጠለያው ውስጥ ነው የምትኖረው። እጇ ከኔ ይፈጥናል፣ ምላሷ ከእጇ። ካስኩ እንኳ መብራት ሲጠፋ ያርፋል፣ አንቺ ግን ማጥፊያሽ የት ነው? አለችኝ። ተቆጣሁ። በጌታ ማፈር አልወድም አልኳት። ማንም እፈሪ አላለሽም፣ ፀጉሩን ጨርሺው ነው ያልንሽ አለች።

እውነቷን ነው መሰለኝ። ግን አልነገርኳትም።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

እትዬ አስካለ ላይ ዘመቻ ጀምሬያለሁ። እሑድ መዝሙር ከፍ አድርጌ ከፈትኩ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ዝቅ ብታደርጊው ይበልጥ ያምራል አሉ። ትናንት የወንጌል ትራክት በርጩማቸው ላይ ትቼ ዞር አልኩ። ዛሬ ጠዋት ልይ ብዬ ቤታቸው ገባሁ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ትራክቴ አራት ላይ ታጥፎ ከጠረጴዛቸው እግር ሥር ነው። “እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ሲወላገድብኝ ነበር” አሉኝ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም። ዓይናቸው ውስጥ ግን አለ። አውቀው ነው!

ስወጣ አንድ ነገር ጠየቁኝ። የክርስትና ስምሽ ማነው? አሉ። ወለተ ሚካኤል አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ሁለት ጊዜ ለራሳቸው ደገሙት፣ ሌላ አልጨመሩም።

ደብተር፣ ስድስት ዓመት ጠይቀውኝ አያውቁም! ስለ መንፈሳዊ ነገር መጠየቅ ጀመሩ ማለት ነው። በሩ እየተከፈተ ነው። ሃሌ ሉያ!

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ዕቅድ አለኝ። ማዕድ የተቋረሰ ሰው ይደማመጣል፤ እቤቴ ልጋብዛቸው። በልተን፣ ጠግበን፣ ቀስ ብዬ እጀምራለሁ። ከአዳም አይደለም። ምክር ሰምቻለሁ።

መቼ? እኔ ሞኝ አይደለሁም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ አይሆንም። ሰኞ! ሰኞ ሳሎኑ ዝግ ነው፣ ፋናዬ የለችም፣ ጸጥታ ነው። ምን ልሥራ? ሽሮ ይወዳሉ። ግን ልጋብዝዎት ብሎ ደረቅ ሽሮ ማቅረብ ነውር ነው። የመንዝ ቅቤ ገዛሁ፣ ነጥሮ፣ በኮረሪማ። ሽታው ግቢውን ሞላው።

ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። ሰኞ ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ተኩል ግድም ይሁንልኝ አሉ። ሰኞ ምን ቅዳሴ አለ? አልኩ በልቤ። አንዱ ታቦት ይሆናል አልኩና ተውኩት።

ሰኞ ይድረስልኝ!

የካቲት 3፣ ሰኞ። 12 ሰዓት

ምነው እጄን በቆረጠው።

ልጻፈው። በተራ በተራ።

በቀጠሮው መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደከም ብሏቸው። የሰሞኑ ብርድ ጉንፋን አሲዟቸው አፍንጫቸው ድፍን ብሏል። እጃቸውን አስታጠብኩ። ሽሮው በድስቱ ይንተከተካል። መጀመሪያ እኔ ላጉርስዎት አልኩ። እምቢ አሉ። በሞቴ አልኩ። ጎረሱ። አንድ ያጣላል ብዬ ደገምኳቸው። ሦስተኛውን በሥላሴ ስም።

በሦስተኛው ማላመጥ አቆሙ።

ብርቄ፣ ምን አደረግሽበት? አሉ።

እኔ ጥርሴ ሁሉ ታይቶ፦ ቅቤ ነዋ! የመንዝ ቅቤ፣ ለርስዎ ብዬ እኮ ነው!

ቀስ ብለው፦ “ዛሬ እኮ ነነዌ ገባ።”

ነነዌ! ሦስት ቀን ብቻ የምትጾመዋ፣ ቀኗ በየዓመቱ የሚዘዋወረው፣ የሌላውን ጾም የሚተው ሰው እንኳ የማይተዋት። ከንጋት ጀምሮ ውሃ ሳይቀምሱ ቅዳሴ ቆመው ነው የመጡት። መጀመሪያ አፋቸው የገባው የኔ ቅቤ። እኔ ረቡዕና ዓርብን ሸሽቼ ሰኞ ላይ የወደቅኩ ብልጥ! ጾሙን ከተውኩ ዘጠኝ ዓመት፤ ለካ አቆጣጠሩም አብሮ ጠፍቶኛል። የአንኮበር ልጅ ሆኜ ነነዌን መርሳት! እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ውጭ ወጥተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ደጋግመው። ተመልሰው ጃንጥላቸውን አነሱ። አላወቅሁም እትዬ፣ አላወቅሁም እላለሁ። በሩ ላይ ዞር ብለው አንዲት ነገር ብቻ አሉኝ፦

“በቃል አልሆን ቢልሽ በጉርሻ?”

ሆን ብዬ ያደረግኩት መስሏቸዋል። እኔ ደግሞ መዝሙሩን ሳስጮህ፣ ትራክቱን ስጥል ሰንብቼ፣ ባይመስላቸው ነው የሚገርመው። ሽሮው እንዳለ ቀረ። አንድም አልቀመስኩም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

በርጩማው በራፉ ላይ የለም።

ደህና አደሩ አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፣ ለግድግዳው።

ፋናዬን ነገርኳት። ዛሬ ቀልድ የላትም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? እኔ እየጾምኩ አይደል እንዴ! አለችኝ። አንድ ስልክ። አንዲት ስልክ አልደወልኩም። ሁሉን አውቃለሁ ባይ!

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የለም። በርጩማው የለም።

ሁለት ሚዜዎች ሠራሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። አንደኛዋ አሞሻል እንዴ አለችኝ።

ማታ ኩራዝ ቢጠፋባቸው እንኳ አይጠሩኝም ይሆናል። ቤት ልቀቂ ቢሉኝ እንኳ እለቃለሁ፤ ሌላ ቤት አይጠፋም። ግን ሌላ እትዬ አስካለ ከየት ይመጣል? ሲያመኝ ውሃ ያጠጡኛል ብዬ የማስባቸው እሳቸው ናቸው። አሁን ከእጄ ውሃ መቀበል ፈርተዋል።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ፓ/ር ጋ ሄድኩ። ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። ቅቤው የመንዝ ነው ባልሽ ጊዜ ምን አሉ? ብለው ደግሞ ሳቁ። ተቆጣሁ። ከቁጣዬ የተነሣ ብድግ አልኩ። እርስዎ አንድ ስም አምጡ ይላሉ፣ እኔ ለስሙ ስሮጥ ባለስሟን አጣሁ አልኳቸው። ሳቃቸው ተዋጠ።

በእናንተ አገር በአንኮበር ሰው ሲበድል እንዴት ነው ይቅርታ የሚጠይቀው? አሉኝ። ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ በደጃፍ ወድቆ አልኩ። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አሉ። ሽማግሌ ያስፈልገኛል አልኩ። እመጣለሁ አሉ ቶሎ ብለው። ሁለተኛው ሽማግሌ የእትዬ አስካለ የንስሐ አባት መምሬ ጥላሁን ናቸው አልኩ።

ከቄስ ጋር? አንድ አግዳሚ ላይ? አሉ። አዎ አልኩ። ክራባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ለስብከት ሲሆን አገር ያቋርጣሉ፣ ለአንድ አግዳሚ ወንበር ፈሩ!

በመጨረሻ እሺ አሉ። መምሬንም ፋናዬ ሄዳ ለመነችልኝ። እሺ ብለዋል፣ እየሳቁ አለች። ለምን እንደሚስቁ አልገባኝም።

የካቲት 9፣ እሑድ። ከሰዓት

ሆነ! ደብተር፣ ሆነ!

ድንጋይ ስመርጥ መጀመሪያ ትንሽ አነሳሁ። አፈርኩ። የሳሎኑን በር ንፋስ እንዳይዘጋው የምናስደግፍበትን ትልቁን ድንጋይ ተሸከምኩ። ስህተት ነበር። ከሳሎኑ እስከ እትዬ አስካለ ደጃፍ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ አንኮበርን የወጣሁ መሰለኝ። የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ተሰቀሉ። ፋናዬ ከኋላዬ፣ ወደቀች ወደቀች ትላለች፤ ደግፊኝ እንጂ አትዘግቢ አልኳት።

ግቢ ውስጥ አንዲት አግዳሚ። በአንድ ጫፍ መምሬ ጥላሁን ከነመስቀላቸው፣ በአንድ ጫፍ ፓ/ር ከነክራባታቸው። መሃላቸው በግ ያሳልፋል። መምሬ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጠጋ በል ወንድሜ፣ ብርድ ነው አሏቸው። ፓ/ር ተጠጉ።

ተንበረከክሁ። አፈሩ እርጥብ ነው። ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። አላወቅሁም፣ ግን አለማወቄም ጥፋቴ ነው፣ ጾምዎን መቁጠር የነበረብኝ እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ። የተዘጋጀሁበት ሌላ ነበር፣ ጠፋኝ።

መምሬ፣ በቃ ድንጋዩን ታውርድ አሉ። እትዬ አስካለ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ቀና ሳይሉ፦ “ትንሽ ትሸከም” አሉ።

ፋናዬ ፈነዳች። ልጆቹ ሳቁ። ፓ/ር ሳል አስመስለው ሳቁ። እኔ ራሴ ከነድንጋዩ ተንቀጠቀጥኩ። እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ተነሥተው መጡና በእጃቸው አወረዱልኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ። እሰይ! እሰይ!

መምሬ ለእሳቸው፣ ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርም፣ ትንሽ ስግደት ጨምሪ አሏቸው። ወደኔ ዞሩና፣ ወለተ ሚካኤል የሚሉሽ አንቺ ነሽ? አሉኝ፣ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ ብለው። እንዴት አወቁ? ብል እትዬ አስካለ ሳሉ።

ከዚያ ካሳ። መምሬ፣ ካሳው ምን ይሁን? አሉ። እትዬ አስካለ አላመነቱም። እስከ ፋሲካ ድረስ አትስበከኝ አሉ። እኔንም፣ በሳሎኑ የሚቀመጠውንም። ሰው ራሱ ካልጠየቀ፣ ስለ ሃይማኖት ከአፏ አንዲት ቃል አይውጣ።

እስከ ፋሲካ! የካቲት 30 የምትመለሺው አንቺ ደብተር! ፓ/ርን አየሁ። ፓ/ር ጫማቸውን አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መስክሩ ሲሉ የኖሩ ሰው፣ በመምሬ ፊት፣ እሺ፣ እኔ ዋስ እሆናለሁ አሉ። መምሬ እጃቸውን ጨበጧቸው።

ወገቤ ተቆርጧል። ደስ ብሎኛል። ደግሞ ባዶ እጄን ነኝ። ሁሉም ባንድ ላይ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

በርጩማው ተመልሷል!

ዝምታው ግን ሊገድለኝ ነው። አፌን ያሳክከኛል። ዛሬ አንዲት ሚዜ፣ ሕይወት ምን ዋጋ አላት አለች፣ እንዲያው ለወሬ። ምላሴ ላይ ሦስት ጥቅስ ተሰለፈ። እትዬ አስካለ ከበርጩማቸው ላይ በአንድ ዓይናቸው አዩኝ። ማበጠሪያውን ነከስኩ። ፋናዬ፣ ጌታ ሆይ ለዚች ሴት ኃይል ስጣት ብላ ጮክ ብላ ጸለየች። አላጋጭ!

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ነቅዤ ሳልቀር አልቀርም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ማን መጣ? የጫጫዋ! ግማሽ ራሷ!

መጀመሪያ ፋናዬን በር ላይ ጠርታ፣ ዛሬም ትሰብካለች ወይ ብላ ጠየቀች። ታግዳለች አለቻት። ገባች። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ የድሮውን ፈትቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። እኔ ዝም ስል እሷ አወራች። ልጇ ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ሁለት ወሯ ነው። በዚያን ቀንም ይኸው ጭንቀት ይዟት ነበር የመጣችው። እኔ ኖኅን ሳሻግር የዚች ሴት ልብ ባሕር ላይ ነበር! አፈርኩ።

ስትሄድ፣ አንቺ የጸሎት ሰው ነሽ መሰለኝ፣ ልጄን አስቢልኝ አለችኝ። የልጇን ስም ጠየቅኋት። በእትዬ አስካለ ሕግ ይህ ይፈቀዳል ወይ ብዬ ዘወር አልኩ። ሰምተዋል። እሷው ነች የጠየቀችሽ አሉ፣ ፀሐያቸውን እየሞቁ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዐቢይ ጾም ከገባ አራተኛ ቀን። ሠርግ የለም፣ ሳሎኑ ጭር ብሏል። ፋናዬ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ሳገኛት ቢጎዲን እጇ ላይ ነው። ሌሊት የመጠለያው ንፋስ አያስተኛም፣ ልጆቿን ልብስ አልብሳ እሷ ተቀምጣ ታድራለች። አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ አልጠየቅኋትም። እኔ ስናገር እሷ በየት በኩል ትንገረኝ? እትዬ አስካለን ነገርኳቸው። ማታ ሁለት ባና አውጥተው ሰጧት። አንዱ እኔን የሚያለብሱኝ ነው። አልቀየምኩም። ትንሽ ብቻ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

የቤ/ክ ኳየር ልምምድ ላይ ሁሉም ስለ ጻፈው ስም ያወራል። አንዷ ሦስት አግኝታለች። እኔን ሲጠይቁኝ፣ እኔ ካሳ ላይ ነኝ አልኩ። አልገባቸውም። ማስረዳት ሰለቸኝ፣ እኔ!

ደብተር፣ እሑድ ባዶሽን ነሽ። ያሳዝነኛል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እትዬ አስካለ ጌታን እንዲህ እኔ እንደማውቀው ቢያውቁት እወድ ነበር። ለመስመሩ ብዬ አይደለም። ለመስመሩ ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ አሁን ግን አይደለም። እና መናገር አልችልም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ። 11 ሰዓት

ደብተር፣ ስሚኝ።

ከምሳ በኋላ እትዬ አስካለ ከበርጩማቸው ተነሡ። ገቡ። እኔ ፊት ባለችው ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ቁጭ አሉ። ሻሻቸውን ፈቱ። እህቴ ልጇ ጋ ከሄደች ወር አለፋት፣ ክንዴን ያመኛል፣ ሥሪኝ አሉ። ቀጥለው፦ “ቅቤ እንዳታስነኪኝ ብቻ!”

ፋናዬ ከሳቋ ጋር ወጥታ ሄደች። ሁለታችን ቀረን።

ፀጉራቸው ነጭ ነው። ስስ፣ ለስላሳ፣ የሕፃን ይመስላል። ስድስት ዓመት ያላሳዩኝ ራስ በጉልበቶቼ መሃል። ማበጠሪያዬን ቀስ አድርጌ ሰደድኩ። ሁለት ጉንጉን ሠራሁ፣ ሦስት። ከዚያ እሳቸው፦

“ከካሳው ፈትቼሻለሁ። አሁን የምጠይቅሽ እኔ ነኝ። አንቺን ማን፣ ምን ብሎ ነው ወደ ጴንጤ የወሰደሽ?”

አየሽ፣ ይህን ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። አፌን ከፈትኩ። የያኔዋ ጎረቤቴ ያለችኝን ልነግራቸው ቃሏን ፈለግሁ። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ። የለም። አንድም የለም!

ነገርኳቸው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ለደ/ብርሃን እንግዳ ሳለሁ፣ ጽንስ ወርዶብኝ፣ ባሌም ጥሎኝ ሄዶ፣ የኪራይ ቤት ውስጥ ተኛሁ። ዓለሚቱ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። ጴንጤ ነች ተብሎ ግቢው ሁሉ ስኒ የማይጋራት። እኔም አልጋራትም ነበር። እሷ ሃያ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ይዛ መጣች። ልብሴን አጠበች፣ ያን ደም የነካውን። ስለ ጌታ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በሃያኛው ቀን ለምንድን ነው የምትመጪው አልኳት። ሰው ታሞ ዝም ይባላል እንዴ? አለችኝ። ይኸው ነው። ስነሣ እሑድ ጠዋት ስትወጣ አይቼ፣ ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት። ማንም አልወሰደኝም። ራሴ ነኝ የሄድኩት።

ስጨርስ ጉንጉኑ ከእጄ ተፈትቷል። እያለቀስኩ ኖሯል። እኔ በአጥሚት ተመስክሮልኝ፣ ሰውን በወሬ ሳሳድድ ከረምኩ! ያቺን ሴት ደግሞ አመስግኛት አላውቅም። ወደ ደነባ ተዛወረች ሲሉ ሰማሁ፣ በዚያው ረሳኋት።

እትዬ አስካለ፣ እኔም አንድ ነገር ልናዘዝ አሉ። በጥር የክርስትና ስምሽን የጠየቅሁሽ ለመምሬ ልሰጣቸው ነው። በየቅዳሴው ወለተ ሚካኤልን አስቡልኝ፣ ወደ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ትመለስ እያልኩ።

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። እኔ እሳቸውን ስጽፍ እሳቸው እኔን ጽፈዋል! መምሬ በጢማቸው ውስጥ የሳቁት ለካ! ሳቅን። እሳቸው ራሳቸውን ጉልበቴ ላይ ጥለው ሳቁ፣ ሹሩባው ሁሉ ጠመመ። አሁንም አስቡልኝ ይሏቸዋል መምሬን? አልኳቸው። አልተውም አሉ። እኔም አልተውም አልኩ። ተግባባን።

ሲነሡ፣ ሻሻቸውን ሲያስሩ፣ ያቺን ሴት ባያት ደስ ይለኛል አሉ።

የካቲት 30፣ እሑድ። 3፡40

የመመለሻሽ ቀን ደረሰ፣ ደብተር። አልመልስሽም።

ፓ/ር ጋ ደወልኩ። ስም የለኝም፣ ዛሬም አልመጣም፣ ደነባ መሄዴ ነው አልኩ። ከማን ጋር? አሉ። ከእትዬ አስካለ ጋር። ምን ልታደርጉ? አጥሚት የምታፈላ ሴት ልንፈልግ። ፓ/ር፣ ስታገኟት የኔንም ምስጋና አድርሱልኝ አሉ፣ ድምፃቸው ወፍሮ። ስሕተቴን ከመድረክ ቢናገሩት ቅር አይለኝም አልኳቸው። ቅቤውንም ጨምሬ? አሉ። ቅቤውንም አልኩ።

የመጀመሪያ ገጽሽን ገለጥኩ። የእትዬ አስካለን ስም አልሰረዝኩም፣ በየቀኑ እጸልይበታለሁ። ከሥሩ ግን ጨመርኩ፦ የመሰከረችልኝ ሰው ስም፣ ዓለሚቱ።

ባናገኛትስ? ሞታ፣ ተዛውራ ቢሆንስ? ደነባ ትንሽ ከተማ ነች፣ እንጠይቃለን። እኔ ጠይቄ የማጣው የለም።

እትዬ አስካለ ከቅዳሴ ወጥተው መጥተዋል። መስኮቴን በጃንጥላቸው እያንኳኩ ነው። ክንዳቸው ላይ ቋጠሮ፤ ሌሊቱን ያዘጋጁት የአጥሚት ዱቄት ነው፣ ባዶ እጅ አይኬድም አሉ። ሻሻቸው ሥር የኔ ሹሩባ ጫፉ ይታያል፣ ጠማማው። ሚኒባሱ ደጃፍ ቆሟል፣ ሊሞላ ነው፣ አጠገቤ ቦታ ይዤልሻለሁ፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ነይና አውሪኝ እያሉ ነው።

ነይና አውሪኝ! ሰማሽ፣ ደብተር? መጣሁ እትዬ፣ መጣ…